በሙሻ ደሴት አጠገብ ያለፉ 4 ደቂቃዎች፦ የአንድ ባልና ሚስት የስኖርክል ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ፉሪ በሚባለው አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ለዕረፍት ወደ ጅቡቲ ሄደው ስኖርክል በወጡበት ዕለት ያጋጠማቸውን አደጋ፣ ከዚያ በፊት ከነበረው ዝግጅትና ከዚያ በኋላ ከተከተለው ሁኔታ ጋር አያይዞ ይመረምራል። ስኖርክል ስል ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍን የውሃ መነጽር አጥልቆ፣ አንዱ ጫፍ በጥርስ የሚያዝ፣ ሌላው ጫፍ ከውሃው በላይ የሚቆም ቱቦ ይዞ፣ በደረት ተኝቶ እየተንሳፈፉ የባሕሩን ወለል መመልከት ማለቴ ነው። ሁለቱን ከጉዞው በፊት ለ8 ቅዳሜዎች ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዳር ቆሜ የምመለከት ሰው አይደለሁም፤ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስሕተቶች አንዱ፣ ምናልባትም ዋነኛው፣ የእኔ ነው። ታሪኩን ከሁለቱም በተናጠል የሰማሁት ሲሆን ቃላቸው በተለያየበት ቦታ ልዩነቱን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

ባልየው የ41 ዓመት ጎልማሳ ሲሆን በሰበታ መስመር በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ባለሙያ ነው። ተወልዶ ያደገው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በመሆኑ ዋናን የተማረው ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር፣ ያለ አስተማሪ ነው። ሚስትየዋ የ36 ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ያደገችው ደብረ ብርሃን ሲሆን ወደ እኔ እስከመጣችበት ቀን ድረስ ከጉልበቷ በላይ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። የጋብቻቸው 10ኛ ዓመት በጥር ወር ይውል ስለነበር፣ እሷ የምትጥለው እቁብ ኅዳር ላይ ሲወጣላት ገንዘቡን ለቤት ዕቃ ከማዋል ይልቅ ባሕር ለማየት እንዲሆን ተስማሙ። ጊዜው ከሁለቱ ወሰነ ትምህርት መካከል ካለው ዕረፍት ጋር ገጠመ። ከቤታቸው የባቡሩ ጡሩምባ ይሰማል፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መነሻ የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ጎረቤታቸው ነው። ባቡሩ አገልግሎት ከጀመረበት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በየጊዜው ሲያልፍ እያዩ «አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ እንሄድበታለን» ይባባሉ እንደነበር ነግረውኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ከጉዳዩ የወጣ አይመስለኝም። የባልየው አባት በወጣትነታቸው ምጽዋ ድረስ ሄደው በጨው ውሃ ዋኝተዋል፤ ለእሳቸው ትውልድ ባሕር በአገር ውስጥ ጉዞ የሚደረስበት ቦታ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላ የተወለደው ወይም ያደገው ትውልድ ግን ባሕርን የሚያገኘው ፓስፖርት ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜው ከገፋ በኋላ፣ ጥቂት በሆኑ የዕረፍት ቀናት ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ማዕበል ሲመጣ ትንፋሹን የሚይዝበትን ጊዜ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የከፈለበት ጊዜ እያለቀ መሆኑን እያሰበ፣ ለመማር ይሞክራል።

በዝግጅቱ ወቅት የሆነው

ሥልጠናውን የሰጠሁት በአካባቢው በሚገኝ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። ጥልቀቱ ከ1.20 እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ውሃው ለብ ያለ፣ ማዕበል የሌለበትና ወለሉ በግልጽ የሚታይ ነው። የስኖርክል ዕቃ በከተማችን በቀላሉ የሚገኝ ባለመሆኑ የተጠቀምነው አንድ ዘመዴ ከውጭ ያመጣልኝን አሮጌ መነጽርና ምንም መክደኛ የሌለው ተራ ቱቦ ነበር።

ለሚስትየዋ ከ8ቱ ቅዳሜዎች የመጀመሪያዎቹን 5 ሙሉ በሙሉ ለትንፋሽ ሰጠሁ። የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ፊቷን ውሃ ውስጥ በመንከር አየሩን ቀስ ብላ እስከ 6 እየቆጠረች ታስወጣለች፤ ከዚያ ቱቦውን ነክሳ ያንኑ ትደግማለች። ቱቦው ውስጥ ሆን ብዬ ውሃ እጨምርበታለሁ፤ እሷም ፊቷን ከውሃው ሳታወጣ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ «ፉ» ብላ ታስወጣዋለች። መጀመሪያ ላይ ስታለቅስ ሁሉ አይቻታለሁ። በ6ኛው ሳምንት ግን 20 ደቂቃ ሙሉ በደረቷ ተኝታ ስትንሳፈፍ ደረቷ ከፍና ዝቅ ሲል እምብዛም አይታወቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በቀሩት ቀናት በጀርባ መንሳፈፍን፣ እግርን ብቻ እየመቱ መሄድን፣ የእጅ ምልክቶችንና የሚሰጥም ሰው ሲያጋጥም እጅ ለእጅ ከመያያዝ ይልቅ የሚንሳፈፍ ነገር ማቀበልን ሁለቱንም አስተማርኳቸው። ራስ ላይ የሚያርፍ እጅ «ደህና ነኝ» ማለት ነው፤ ከራስ በላይ የሚወዛወዝ ክንድ «ድረሱልኝ» ማለት ነው።

ባልየውን በተመለከተ ያደረግሁት ከዚህ የተለየ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገንዳውን ያለማቋረጥ 10 ጊዜ ሲመላለስ አይቼ ዋናተኛ መሆኑን አረጋገጥኩ። የቱቦውን ልምምድ በ10 ደቂቃ ጨርሶ «ይኼ ቀላል ነው» አለኝ፤ እኔም ተቀበልኩት። የቀሩትን ሰዓታት የክንድ አመታቱን በማስተካከል አሳለፍን። ትንፋሹ አጭርና ፈጣን መሆኑን፣ ራሱንም ለመተንፈስ ሲል አብዝቶ እንደሚያነሣ አይቼ ነበር። ነገር ግን በራሱ የሚተማመን ሰው መሆኑን እንደ ብቃት ቆጠርኩለት። ይህን ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

የአደጋው ዕለት

ጅቡቲ የደረሱት ሚስትየዋ ከምንም በላይ ለማየት የጓጓችለት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታይበት ወቅት ሊያበቃ ሲል ነበር። ይህ ዓሣ ሰው የማይነካና በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን እያጣራ የሚመገብ ሲሆን በአካባቢው በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ዓሣውን የማየቱ ነገር እርግጠኛ ስላልነበር ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደሚደረስበት ወደ ሙሻ ደሴት ለመሄድ መረጡ። የመጀመሪያውን ቀን ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ በሰላም አሳለፉ። ሚስትየዋ በስልክ ደውላ «አሠልጣኝ፣ ዓሦቹ እኮ አይሸሹም! የኮራሉን ዐለት ሲግጡ ድምፃቸው ይሰማል» ስትለኝ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

በሁለተኛው ቀን ከሌሎች 5 መንገደኞች ጋር ጥልቀት ወዳለው የኮራል ዳርቻ ወጡ። የጀልባው ሠራተኞች ዕቃ ሲያድሉ ለባልየው አዲስ ዓይነት ቱቦ ሰጡት። የቱቦው ጫፍ ውሃ ሲነካው ወደ ላይ ተንሳፍፎ ቀዳዳውን የሚደፍን መክደኛ ነበረው፤ ዓላማው የማዕበል ውሃ ወደ ቱቦው እንዳይገባ ማድረግ ነው። ባልየው «ውሃ የማያስገባ ከሆነማ ይሻላል» ብሎ ደስ እያለው ተቀበለ። ሚስትየዋ ግን ከፉሪ ይዛው የሄደችውን የእኔን አሮጌ ቱቦ አልለቀቀችም። ሁለቱም የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰው ነበር፤ ባልየው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ታች ጠለቅ ብሎ ለማየት ስለከለከለው ጃኬቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። እሷም ወደ ጀልባው ከመመለስ ይልቅ ማሰሪያውን በግራ እጇ አንጓ ላይ ጠመጠመችው። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት «ጀልባው ራቅ ብሎ ነበር፤ ደግሞም የሱ ስለሆነ አጠገቤ እንዲሆን ፈለግሁ» ብላኛለች።

ወደ ቀትር ሲጠጋ ነፋሱ ተነሣ። ባልየው አንድ የዓሣ መንጋ ተከትሎ ከሚስቱ በግምት 15 ሜትር ቀድሞ ሄዷል፤ ሲመለስ የውሃው ጅረት ፊት ለፊት ስለገጠመው በኃይል መዋኘት ጀመረ። ትንፋሹ በፈጠነበት በዚያ ሰዓት ማዕበል ከራሱ በላይ አለፈ፤ የቱቦው መክደኛም እንደተሠራበት ዓላማ ተዘጋ። እሱ ግን አየር ሊስብ ሲል ቱቦው ባዶ ሆኖበት፣ የተበላሸ ወይም የታፈነ መሰለው። ቱቦውን ከአፉ ነቅሎ መነጽሩንም ወደ ግንባሩ ሲገፋ ቀጣዩ ማዕበል አፉንና አፍንጫውን ሞላው። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልየው በደንብ አያስታውሰውም። ሚስትየዋ ቀና ብላ ስታይ ያየችው ውሃ የሚያንቦጫርቅና የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አገጩ ወደ ላይ የተነሣ፣ ክንዶቹ ውሃውን ወደ ታች የሚጫኑ፣ ድምፅ የሌለው ሰው ነው። ክንዱን አላወዛወዘም። የተማረውን ምልክት ለማሳየት እንኳ እጁን ከውሃው ላይ ማንሣት አልቻለም።

እሷ ወደ እሱ የሄደችው በእግሯ ብቻ እየመታች፣ ቱቦዋን ከአፏ ሳታወጣ ነው። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች፤ በእጇ ላይ የነበረውን ጃኬት እስከ ማሰሪያው ርዝመት ድረስ ወደ ፊቱ ገፋችለት። ያዘው። ከዚያም ቱቦዋን አውጥታ «በጀርባህ ተኛ፤ ደረትህ ላይ እቀፈው፤ እኔ እቆጥርልሃለሁ» አለችው፤ ልክ እኔ በገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሜ እንደምቆጥርላት ከ1 እስከ 6 እየቆጠረች ትንፋሹን እንዲያስወጣ አደረገች። በመካከሉ በጃኬቷ ላይ የተንጠለጠለውን ፊሽካ ነፋች። ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ወደ ውሃው የሚመለከት ሠራተኛ አልነበረም፤ ፊሽካውን የሰማው አብሯቸው የወጣ ሌላ መንገደኛ ነው። ጀልባው እስኪደርስ 4 ደቂቃ ያህል እንደፈጀ ሚስትየዋ ትገምታለች።

ጀልባው ላይ ከወጣ በኋላ ሳሉ አልቆመም፤ ደረቱንም ይጫነው ነበር። ወደ ከተማ ተመልሰው ሕክምና ተቋም ሄዱ። ሐኪሙ ሳንባውን አዳምጦ፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ እስከ ምሽት በክትትል አቆየው፤ ሲያሰናብተውም ሳሉ ከባሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን እንዲመለስ አዘዘው። ይህ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው፤ ውሃ ወደ ሳንባው የገባ ሰው ከውሃው ሲወጣ ደህና መስሎ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሊባባስበት ይችላል።

ለምን ሆነ

ባልየው እስከ ዛሬ ጥፋቱ የነፋሱ ነው ይላል። ሚስትየዋ ጥለኸኝ ስለሄድክ ነው ትለዋለች። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ እኔ ነገሩን ደጋግሜ ሳየው የምደርሰው ቱቦው ላይና የእሱ ትንፋሽ ላይ ነው።

ሰው በዕረፍት ላይ ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ወደ 500 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ጉሮሮና የአየር ቧንቧዎች ውስጥ ቀርቶ ሳንባው ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ይወጣል። አሁን 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ እንጨምርበት፤ በውስጡ የሚይዘው አየር 125 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይህም ሰውየው ቀደም ሲል ያስወጣው የተቃጠለ አየር ስለሆነ በሚቀጥለው ትንፋሽ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። እንግዲህ በዝግታና በጥልቀት 500 ሚሊ ሊትር የሚተነፍስ ሰው 225 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አየር ሳንባው ጋ ይደርስለታል። በድንጋጤ እያለከለከ 300 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚስብ ሰው ግን የሚያገኘው 25 ሚሊ ሊትር ነው። ቶሎ ቶሎ በተነፈሰ ቁጥር ያንኑ የተቃጠለ አየር መልሶ መላልሶ ያስገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲጠራቀም የመታፈን ስሜት ይበረታል፤ ስሜቱ ሲበረታ ትንፋሹ ይበልጥ ያጥራል። ሚስትየዋ 5 ሳምንት የደከመችበት ነገር ይህንን ክብ ከመጀመሩ በፊት የሚቆርጥ ነበር። ባልየው ከ10 ደቂቃ በላይ አልሠራበትም።

በዚህ ላይ መክደኛ ያለው ቱቦ በጠባብ ቀዳዳ የሚያስተነፍስ ከሆነ አየር ለመሳብ የበለጠ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል። ስኖርክል ሲያደርጉ ስለሚደርስ ሞት በሃዋይ ደሴቶች የተደረገ ጥናት፣ አየርን እንዲህ በግፊት መሳብ ከብርቱ እንቅስቃሴ ጋር ሲደመር በሳንባ ውስጥ ፈሳሽ በፍጥነት እንዲጠራቀም ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል፤ ሰውየው ውሃ ሳይጠጣ፣ ሳይጮህ፣ አቅም አጥቶ ሊሰጥም ይችላል ማለት ነው። በባልየው ላይ ይህ ደርሶ ነበር ለማለት የሚያበቃ የሕክምና ማስረጃ በእጄ የለም፤ ውሃ መዋጡ ግን የታወቀ ነው። ሆኖም በገንዳ ውስጥ ያልሞከሩትን ዕቃ ጥልቅ ውሃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መልበስ ምን ያህል ከባድ ስሕተት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ባልየው ከጉዞው በፊት ደጋግሞ ያነሣቸው የነበሩ ሁለት ሐሳቦችም መመርመር አለባቸው፤ ከሌሎች ሠልጣኞችም ሰምቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ከ2,300 ሜትር በላይ የለመደ ሳንባ ባሕር ጠለል ላይ አይደክምም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከአዲስ አበባው በሲሦ ያህል ይበልጣል። ነገር ግን ሰውን «ተንፍስ» እያለ የሚያስጨንቀው በዋነኛነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው፤ ስለዚህ ደጋ ማደግ በቱቦ ውስጥ ለሚፈጠረው ችግር መከላከያ አይሆንም። ሁለተኛው «የባሕር ውሃ ጨው ስለሆነ ራሱ ያንሳፍፋል» የሚለው ነው። ይህም በከፊል ልክ ነው፤ የባሕር ውሃ ከጣፋጭ ውሃ 2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ የ1.75 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ድጋፍ ያገኛል። የሰው ጭንቅላት ግን ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ደንግጦ ቀጥ ብሎ የቆመና ራሱን ከውሃው ያወጣ ሰው ጨዉ ከሚያግዘው በላይ ክብደት በራሱ ላይ ይጭናል። በጀርባው ቢተኛ ኖሮ ጭንቅላቱን ውሃው ይሸከምለት ነበር፤ ሚስቱ ያዘዘችውም ይህንኑ ነው።

ስለ ጀልባው ሠራተኞች ብዙ አልልም። ዕቃውን ሲያድሉ አጠቃቀሙን አለማስረዳታቸውና ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ተመልካች አለማቆማቸው ጥፋት ነው። ነገር ግን ለሁለቱ «ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ውሃው የሚመለከተው ማን እንደሆነ ጠይቁ» ብዬ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ

ቀሪዎቹን ቀናት በጅቡቲ ሳያቋርጡ ጨርሰዋል። ባልየው ለሁለት ቀን ባሕሩን ከዳር ሆኖ ሲያይ ከቆየ በኋላ በመጨረሻው ዕለት ጠዋት ጃኬቱን ለብሶ፣ የሚስቱን አሮጌ ቱቦ ተውሶ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ፊቱን ነከረ። እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር። 3 ደቂቃ እንደቆየ ነግራኛለች።

ፉሪ ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለቱም ገንዳው ጋ መጡ። ባልየው ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ከእሷ ጋር የጀመርከውን ከእኔም ጋር ከመጀመሪያው ጀምር» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሊሰማኝ አልፈለገም፤ ቢሆንም ጥፋቴን ዘርዝሬ ነገርኩት። ያን ቀን የክንድ ዋና አልነበረም። ጠርዙን ይዞ ፊቱን ነከረ፤ በ6 ቁጥር አስወጣ፤ እንደገና ነከረ። በመጀመሪያ ከ3 በላይ መቁጠር አልቻለም፤ እሱን ያህል ዋናተኛ በሦስት ቁጥር ሲያጥረው ማየት ለሁለታችንም ከባድ ነበር። 6 ላይ የደረሰው በ4ኛው ሳምንት ነው።

እኔም የሥልጠናዬን ቅደም ተከተል ቀይሬያለሁ። ለባሕር ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆን፣ ውሃ እየጨመርኩበት 20 ደቂቃ በቱቦ ሳይነሣ ካልተነፈሰ በቀር ክንድ ወደ ማስተማር አልሄድም። መክደኛ ያለው ቱቦም አንድ አስመጥቼ፣ መክደኛው ሲዘጋ የሚሰማው ምን እንደሚመስል እያንዳንዱ ሠልጣኝ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ እጄን እንደያዘ፣ እንዲያውቀው አደርጋለሁ። አሮጌውን ቱቦ ግን ሚስትየዋ አልመለሰችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አዲስ እቁብ ጀምረዋል።